በእኛ ሾላ ሥር የቆመው ታንኳ

የልጅ ልጄ ሐይቅ ዳር ያስገዛችኝን የመጫወቻ ታንኳ ትናንት ከሰዓት በኋላ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ስታንሳፍፍ ዋለች። ክንድ የማትሞላ፣ ከእውነተኛ ደንገል የተጎነጎነች፣ ለእንግዳ የምትሸጥ ዓይነት ናት። ላይዋ ላይ ከእንጨት የተፈለፈለ ትንሽ ሰውዬ ተቀምጧል፤ በእጁም የክብሪት እንጨት የምታክል መቅዘፊያ ይዟል። እኔ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ፣ ጋዜጣ የማነብ መስዬ አንቀላፋ ነበር። በሰፈራችን፣ በዓባይ ማዶ፣ በባጃጆች ጩኸት መሀል አንድ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬን ያዘው። የራሰ ደንገል ሽታ። ሣርም ነው፣ ዓሣም ነው፣ ጭቃም ነው፤ ሦስቱንም አይደለም።

ብድግ አልሁ። እኔ ስነሳ ወንበሩና ጉልበቴ እኩል ነው የሚጮኹት። ታንኳዋን ከውሃው አወጣሁ፣ አራገፍኋት፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አድርጌ ከግድግዳው ጋር አቆምኋት።

"አባባ፣ ምን ሆንክ? እየተጫወትኩ እኮ ነው" አለች ልጅቱ።

"ውሃ ላይ ከቆየች ትጠጣለች። ከጠጣች ትሰምጣለች።"

"መጫወቻ እኮ ናት።"

እውነቷን ነው። ግን እጄ እኔን አላስፈቀደኝም። ሐይቅ ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው የራሰ ታንኳ ውሃ ላይ ተኝቶ አይቶ አያልፍም። የወዳጁም ይሁን የጠበኛው፣ ጎትቶ ያወጣዋል፣ ዛፍ አስደግፎ ያቆመዋል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ባለቤቱም "ማን አቆመልኝ?" ብሎ አይጠይቅም፤ ያቆመውም "እኔ ነኝ" ብሎ አይናገርም። ክፍት የቀረ ማሰሮ እንደመክደን ያለ ነገር ነው። እንግዲህ ይህች ማንም የማይመሰገንባት ልማድ ናት በጉብዝናዬ ወራት ነፍሴን ልታወጣ የነበረች። ወንበርህን ጠጋ አድርግና ስማኝ፤ ጆሮህ ደህና ከሆነ ማለቴ ነው፤ የኔ ሄዷል።

የተወለድሁት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ፣ ሐሙሲት ሳይደርሱ፣ ወደ ግራ ወደ ሐይቁ በሚያወርደው መንገድ ላይ ካለች መንደር ነው። ቤታችንን ከውሃው የሚለየው አንድ ጠባብ ማሳና አንድ ትልቅ ሾላ ነበር። ከሾላው ሥር የደንገል ዳርቻ አለን። ያኔ በመስታወት ስብርባሪ ጢሜን የምፈልግበት ዕድሜ ላይ ነበርሁ። ጢሙ አልመጣም ነበር፤ እኔ ግን በየማለዳው እጠይቀው ነበር።

በመንደራችን አንድ ባለታንኳ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሣቁ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው። በዘወትር ቀን ማገዶ ወደ ባሕር ዳር ያደርሳል፤ በበዓል ቀን ሰዉን ወደ ደሴቱ ቤተ ክርስቲያን ያሻግራል። መቅዘፊያው ረጅም ቀርከሃ ነው፤ መያዣው አጠገብ በጋለ ብረት የተተኮሱ ጥቁር ቀለበቶች አሉት።

"ለሚስቴ ቀለበት አላሰርሁላትም፤ ለዚህ ግን አሰርሁለት" ይል ነበር።

"እንግዲያ ራትህን እሱ ያቅርብልህ" ትለዋለች ሚስቱ፣ ሣቋን በነጠላዋ እየሸፈነች።

ታንኳ ለአገር ሁሉ ይታመናል፤ መቅዘፊያ ግን ከባለቤቱ አይለይም። ሲወርድ ታንኳውን ያቆማል፣ መቅዘፊያውን ትከሻው ላይ ያጋድማል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዳርቻ ላይ ከተወው እኛ የሾላ ፍሬ እናወርድበታለን፤ ከዚያ በኋላ ማግኘቱ ጭንቅ ነው።

አንድ ቀን እኔን ሲያሻግረኝ ጉማሬ ከአጠገባችን ብቅ ብሎ አናፋ። ባለታንኳው ውሃውን በመቅዘፊያው ጠፍ ጠፍ እያደረገ ዘወር አደረገን። የእኔ ጥርስ ሲንገጫገጭ ሰማና ሳይዞር፣ "አንተ ልጅ፣ ፍርሃትህን ወደ ውሃው ወርውረው፤ ታንኳው ከበደኝ" አለኝ።

ከአባቴ ጋር የተጣሉት በደንገል ነው። ባለታንኳው አዲስ ታንኳ ሊሠራ ከእኛ ዳርቻ ሳያስፈቅድ አጨደ። አባቴ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር፤ በዓመት የሚናገረውን እኔ በአንድ ጧት እጨርሰዋለሁ። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ግን በሰው ሁሉ ፊት፣ "ዳግም ከኔ ዳርቻ ብትደርስ ወደ ቤትህ አትመለስም" አለው። ባለታንኳው ሣቀ። ሌላ የሣቀ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን፣ ሐሙስ ቀን፣ ባለታንኳው ጠፋ።

በማለዳ ከቤቱ የወጣው ከደሴቱ የሚመለሱ ሰዎችን ሊያመጣ ነበር። ሰዎቹ ደሴቱ ላይ ጠበቁት፤ አልደረሰም። አባቴ ገና ጎህ ሲቀድ ጊደር እየነዳ ሐሙሲት ገበያ ወጥቶ ነበር፤ ብቻውን። ከሰዓት በኋላ የባለታንኳው ሚስት ከደጅ ደጅ እየዞረች፣ "የኔን ሰው አላያችሁም?" ስትል ሰማናት። መጀመሪያ ሰው ቀለደባት። "ጠላ ቤት ፈልጊው" አሏት። አመሻሽ ላይ አንድ እረኛ ታንኳውን አገኘው። በእኛ ሾላ ሥር፣ አፍንጫው ወደ ላይ፣ ግንዱን ተደግፎ ቆሟል፤ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ግማሽ ጎኑ ደርቋል።

ቀልዱ ቆመ።

ነገሩ ለማንም ግልጽ ሆነ። ታንኳው ቆሟል፤ እንግዲህ ሰውየው ወርዷል። ወርዶ ታንኳውን አቁሟል፣ መቅዘፊያውን ይዟል፣ በአባቴ መሬት ላይ ጥቂት ተራምዷል። ከዚያ ወዲያ የለም። "ታንኳውን ያቆመ ሌላ ሰው አለ ወይ?" ተብሎ በየቤቱ ተጠየቀ፤ ወንዶች ወንዶችን ጠየቁ፤ "እኔ ነኝ" ያለ አልተገኘም። ለወጉ ያህል ደንገሉን በዱላ እየወጉ ፈለጉት። የሰመጠ ሰው ውሎ አድሮ ብቅ ይል ነበር፤ እሱ ብቅ አላለም። ከባሕር ዳር አንድ ፖሊስ መጣ፣ ሾላውን አየ፣ ሐይቁን አየ፣ ብዙ ጠየቀ፣ ምንም ሳያገኝ ትንኝ አባርሮት ተመለሰ።

ከዚያ የሟች ወንድም መጣ። ሟች አልሁ? ያኔ ማንም "ሟች" አላለም፤ ምላሴ ነው። የባለታንኳው ወንድም ከደጋው ወርዶ፣ ምንሽሩን ይዞ፣ ከቤታችን አጥር ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ መቀመጥ ጀመረ። ሁልጊዜ ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ ይመጣል። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ ያጋድማል። አይሳደብም፣ አይዝትም። አባቴ ሲያልፍ ዓይኑን ያነሳል፣ መልሶ ይተክላል።

አንድ ቀን ጥጆች ይዤ ስገባ ጠራኝ።

"አደግህ እኮ፣ አንተ ልጅ" አለኝ።

ሌላ ቃል አልጨመረም። ነገሩ ግን ገብቶኛል። በእኛ አገር ደም የሚመልስ ሰው ሕፃን አይነካም፤ የሚነካው የደረሰ ወንድ ነው፤ ከአባት ካልሆነ ከበኩር ልጅ። በኩሩ እኔ ነኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጉልበቴን አጥፌ መሄድ ጀመርሁ፤ አጠር ልል እኮ ነው። ጢም የሚለምን ልጅ ቁመቱን ሲደብቅ አስበው። እናቴ "እግርህን ምን ነካው?" ብላ ትኩስ ቅቤ አሸችኝ። እኔም ቅቤ እየሸተትሁ፣ እንደ ሸመገለ ዝንጀሮ ጎንበስ ብዬ፣ በድንጋዩ ፊት አልፍ ነበር። ወንድምየው በዓይኑ ይከተለኛል። ያ ዓይኑ ዛሬም ጀርባዬ ላይ ይሄዳል።

እስከዚያ ድረስ ግን የምፈራው ውጭውን ነበር። አንድ ከሰዓት እናቴ እንቁላል እንዳወርድላት ቆጡ ላይ ሰደደችኝ። ዶሮዋ እዚያ ነው የምትጥል። በጨለማው ስዳብስ እጄ ከአሮጌ አጎዛ ሥር ረጅም ለስላሳ ነገር ነካ። አጎዛውን ገለጥ አደረግሁት። ቀርከሃ ነው። መያዣው አጠገብ ጥቁር ቀለበቶች አሉት።

ወረድሁ ማለት አልችልም፤ ወደቅሁ። እንቁላሉ ደረቴ ላይ ፈሰሰ።

እናቴ አየችኝ። ቆጡንም አየችው።

"ዶሮዋ ነከሰችህ?" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

"አዎ" አልሁ።

"እንግዲህ ዳግም አትውጣ።"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤቴ ውስጥ የማርፍበት ጥግ አጣሁ። አባቴ ገድሎታል። መቅዘፊያው ሌላ ምን ሊሠራ ነው እኛ ቆጥ ላይ የሚወጣ? ማጭዱን ሲስል ድምፁ ከጥርሴ ሥር ይሰማኛል። በማዕድ አንድ መሶብ ከብበን ስንበላ እጁ ወደ እኔ በኩል ሲመጣ እጄን እሰበስባለሁ። አንድ ማታ ራት ላይ ጎረሰና ዓይኔን አይቶ፣ "እንካ" ብሎ አጎረሰኝ። የምወደው አባቴ ነው፤ የሚያጎርሰኝ ያው እጅ ነው። ውሃ ጠጥቼ ዋጥሁት። ብናገር ወንድምየው አባቴን ይገድለዋል፤ ዝም ብል ከገዳይ ጋር እኖራለሁ። ይህንን ለማን እነግራለሁ? ለጥጆቹ ነገርኋቸው። እነሱም አላመኑኝም።

በመጨረሻ ወንድምየው አውጫጭኝ ጠየቀ። ይህን ሥርዓት የዛሬ ልጆች አያውቁትም። ወንድ የተባለ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ዋርካ ሥር ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በግልጽ መናገር የፈራ ካለ ለተመረጠ ሽማግሌ በጆሮው ሹክ ይለዋል፤ ሽማግሌው "ወፍ ነገረችኝ" ብሎ ያወጣዋል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። "ጢም ያጎነቆለም ለማጎንቆል የደረሰም ይቀመጥ" ተባለ። ስመኘው የኖርሁትን ጢም ያን ቀን ብክደው በወደድሁ።

የመንደሩ አለቃ፣ ጭቃ ሹሙ፣ መሀል ላይ ተቀምጠዋል። ወንድምየው በስተቀኝ፣ አባቴ በስተግራ። አባቴ ተነስቶ ማለ።

"አልነካሁትም። አላየሁትም።"

"ታንኳው በእግሩ ሄዶ ነው ካንተ ሾላ የቆመ?" አለ ወንድምየው።

"አላውቅም።"

"ሲዝትበት ያልሰማ አለ?" ብለው ጭቃ ሹሙ ዙሪያውን ጠየቁ። ያልሰማ አልነበረም።

ሽማግሌው ጆሯቸውን እያስጠጉ መዞር ጀመሩ። ከእኔ ደረሱ። ጆሯቸው ትልቅ፣ ጠጉራም፣ አፌ አጠገብ እንደ ዋሻ ተከፍቷል። የነጭ ሽንኩርት ሽታቸው ይሸተኛል። አባቴን አየሁት፤ አላየኝም፤ መሬት ይጭራል። አፌን ከፈትሁ። መቅዘፊያው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። የወጣው ግን ስቅታ ነው። ደግሞ ሌላ ስቅታ።

"ወፏ ስቅ አላት" አለ አንዱ ከኋላ፤ ጥቂት ሰው ሣቀ። ወንድምየው አልሣቀም። ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል ምንሽሩን ከአንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረው።

ያኔ ሴቶቹ የወንዶቹን ምሳ ተሸክመው መጡ። ልማዱ አስቀምጠው ዞር ማለት ነው። እናቴ አስቀመጠችና ዞር አላለችም።

"እኔ ነኝ ያቆምሁት" አለች።

"ምኑን?" አሉ ጭቃ ሹሙ።

"ታንኳውን። ሐሙስ ማለዳ ውሃ ልቀዳ ስወርድ ደንገሉ ውስጥ ተሰንቅሮ አገኘሁት። ሰው የለበትም። ርሶ ሊሰምጥ ነው። አወጣሁት፣ አቆምሁት፣ እንስራዬን ሞልቼ ተመለስሁ።"

"እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርሽም፣ አንቺ ሴት?"

"ማን ጠየቀኝ፣ ጌታዬ? ስትጠያየቁ የሰነበታችሁ እርስ በርሳችሁ ነው።"

ከዋርካው ሥር ያለ ወንድ ሁሉ የተቀመጠበትን ሣር ማየት ጀመረ። ወንድምየው ግን ተነሳ።

"ባሏን ልታተርፍ ነው። የራሰ ታንኳ ሁለት ወንድ ያቃትታል። ይቺ ናት ያቆመችው?" አለና በጠመንጃው አፈ ሙዝ ጠቆማት።

እውነትም እናቴ ትንሽ ሴት ናት። ቁመቴን ከማን እንደወረስሁ ታያለህ።

"ውሃ ውስጥ ክተቱት" አለች እሷ። "ሲጠግብ ጥሩኝ።"

ታንኳው ወደ ሐይቁ ተጣለ። እኛም ጉባኤያችንን ይዘን ሾላው ሥር አደርን። ፀሐይ ስትወጣ አየሁት፤ እንደ ሞተ በሬ አብጦ ተኝቷል። እናቴ መጣች። ቀሚሷን በመቀነቷ ሰብስባ ወደ ጭቃው ገባች። ሰው ሁሉ በዳርቻው ተደርድሯል፤ የባለታንኳው ሚስት ከሁሉ ኋላ፣ ብቻዋን። እናቴ ታንኳውን አላነሳችውም፤ አዞረችው። አፍንጫውን ወደ ሾላው ግንድ አስጠጋች፣ ከሥሩ ገባች፣ በትከሻዋ መግፋት ጀመረች። ጥቂት ተነሳና እግሯን አዳለጣት። በጉልበቷ ወደቀች፤ ታንኳው ላይዋ ላይ ተኛ። ወንድምየው ምላሱን ጠቅ አደረገ። አባቴ ሊሄድ ሲነሳ ጭቃ ሹሙ በእጃቸው መለሱት፤ ማንም አይረዳትም።

ካቃታት አባቴ ይገደላል። ከአባቴ ቀጥሎ እኔ ነኝ። ይህንን ሁሉ እያወቅሁ፣ ልታምነኝ ትችላለህ፣ ያሰብሁት ስለ ባለታንኳው ነው። "ፍርሃትህን ወደ ውሃው ወርውረው" ያለኝን። ስቅታዬ መቼ እንደቆመ አላውቅም። ጉልበቴን አጥፌ የምሄደው ልጅ ሳላውቀው ቀጥ ብዬ ቆሜ ነበር።

እናቴ እንደገና ተነሳች። ትንፋሿ እስከ እኛ ይሰማል። ክንድ በክንድ እየተጠጋች ወደ ላይ አስኬደችው። ታንኳው የጠጣው ውሃ ሁሉ ፀጉሯ ላይ፣ አንገቷ ላይ ወረደ። በመጨረሻ ግንዱን ደፍ ብሎ ደገፈ፤ የሾላ ፍሬ ረገፈ። ቆመ።

ነጠላዋን ጨመቀች።

"አሁን ውሃዬን ልቅዳ?" አለች።

ጭቃ ሹሙ ታንኳውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉና፣ "ታንኳው ባዶውን ነው የመጣ። ሰውየውን የሚያውቅ ሐይቁ ነው" አሉ። ወንድምየው ጥይቶቹን አንድ በአንድ አወጣ፣ ኪሱ ከተተ፣ ሳይሰናበት ሽቅብ ወደ ደጋው ወጣ። እኔም እየሮጥሁ ሄጄ የአባቴን ጉልበት አቀፍሁ። አባቴ ግራ ገባው፤ "ምን ሆንህ?" አለኝ። እስኪሞት ድረስ አልነገርሁትም።

ያኔ ያላየሁትን አሁን አያለሁ። ሁላችንም ስናርፍ ያላረፈች አንዲት ሴት ነበረች። የባለታንኳው ሚስት በየምሽቱ የባሏን ራት ስታስቀምጥ ነበር የሰነበተችው። ታንኳው ቆሟላ፤ ወርዷል ማለት ነው፤ ከወረደ አንድ ቦታ አለ። እናቴ ታንኳውን ባቆመች ጊዜ፣ ባዶውን መጥቷል ተብሎ፣ ያንን ተስፋ ሁሉ ከእሷ ወሰደች።

በማግስቱ የባለታንኳው ሚስት ቤታችን መጣች። እኔ ከቆጡ ሥር ተቀምጬ ባቄላ እፈለፍል ነበር። አልቀመጥም አለች። ዶሮዋ ከላይ ተንጫጫች፤ ሴትየዋ ቀና ብላ ወደ ቆጡ አየች፤ ጥቂት ቆየች፤ ዓይኗን መለሰች። ዶሮ ያየች መሰለኝ።

"እትየ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች። "ታንኳውን ስታገኚው መቅዘፊያው ነበር?"

ባቄላው ከእጄ ወደቀ። እናቴ ወደ እኔ አላየችም።

"አልነበረም" አለች።

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች።

"እንዲያ ከሆነ ይዞት ሄዷል" አለች። ነጠላዋን አስተካከለችና ወጣች።

እናቴ በኋላ ነገረችኝ። ያን ማለዳ መቅዘፊያው ታንኳው ላይ ተጋድሞ ነበር። ልጆች እንዳይወስዱት ብላ ለባለቤቱ ልትመልስ ወደ ቤት ይዛው ገባች። ኡኡታው ሲነሳ የሰው መቅዘፊያ ከቤቷ ነው፤ ማን ያምናታል? ቆጥ ላይ ሸሸገችው፤ እኔን ለእንቁላል ስትሰደኝ ዘንግታው ነበር። በአውጫጭኙም ላይ ስለ ታንኳው እንጂ ስለ መቅዘፊያው ትንፍሽ አላለችም።

ዓመታት አለፉ። ታንኳውን ማንም አልነካውም፤ እዚያው እንደቆመ በሰበሰ፣ ተመልሶ ሣር ሆነ። ባለታንኳው አልተገኘም፤ አስከሬኑም፣ ልብሱም፣ ጫማውም። ሚስቱ ጥቁር አልለበሰችም፣ ተዝካር አላወጣችም፣ ሌላ ባል አላገባችም፤ ይዞት ሄዷላ። እኔ ባሕር ዳር ገባሁ፣ ፋብሪካ ተቀጠርሁ፣ ግሽ አባይ ሰፈር ቤት ተከራየሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ፣ ጢሜም በመጨረሻ መጣ፤ ነጭ ሆኖ። አባቴ አረፈ። ለበዓል ወደ መንደር ስመለስ ያቺ ሴት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ትስመኝና፣ "አባትህን መሰልህ" ትለኝ ነበር። የፈራሁት ሁልጊዜ ወንድምየውን ነው። ድንጋዩ ባዶውን ሆኖም እንኳ ሳልፍ እፈጥናለሁ።

እሷ ያረፈች ጊዜ ለቀብሯ ሄድሁ። እናቴ እጅግ አርጅታ ነበር፤ ያም ሆኖ በሰው ሳትደገፍ መጣች፤ በነጠላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተሸክማ። ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑ ሊወርድ ሲል ወደ ጉድጓዱ ቀረበችና ነጠላውን ፈታች። ቀርከሃው በቆጡ ጭስ ጠቁሯል፤ ቀለበቶቹ ግን ይታያሉ።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ሁሉ አወቁት። ካህኑ እንዳላዩ ሆነው መጽሐፋቸውን አገላበጡ። ወንድምየው በሕይወት ነበር፤ ጠመንጃው ቀርቶ ምርኩዝ ይዟል። ቀረበ። ቀለበቶቹን በጣቱ አንድ በአንድ ዳበሰ። እናቴን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ፣ ጡረታ የወጣሁ ሰውዬ፣ ጉልበቴ ራሱ ታጥፎ አገኘሁት።

"ያዝ እንጂ፣ አንተ ልጅ" አለኝ።

በአንዱ ጫፍ እሱ፣ በሌላው እኔ፣ ከጎኗ አስተኛነው።

ስንመለስ እናቴ ክንዴን ይዛ በዝግታ እየተራመደች ነገረችኝ። ሴትየዋ ሕመሙ ሲጠናባት አስጠርታት ነበር። "እትየ፣ መቅዘፊያውን አሁን መልሺልኝ" ብላታለች።

ቆምሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቀችው?"

"ያን ቀን ነዋ። ዶሮዋ ስትንጫጫ ቀና አላለችም? ቀለበቱ ከአጎዛው ሥር ወጥቶ ኖሯል።"

"አይታው ነው የጠየቀችሽ?"

"አይታው ነው።"

መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ባለጠመንጃ ስፈራ፣ የአባቴም የእኔም ነፍስ በዚያች ሴት አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። "ቆጡ ላይ አየሁት" ብትል በዚያው ምሽት አለቀልን። እሷ ግን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ትስመኝ ነበር። ያለፈ ፍርሃት ዘግይቶ ይመጣል ብዬ አላውቅም ነበር፤ መጣ።

"እማ" አልኋት፣ "እውነትሽን ነው? ውሃው ላይ ነው ያገኘሽው?"

እናቴ ወደ ሐይቁ አየች። ፀሐይዋ እየወረደች ነበር።

"የራሰ ታንኳ ትቼ አልፌ አውቃለሁ?" አለችኝ።

እኔም ዳግም አልጠየቅሁም። ዛሬ እሷም የለችም። የሚያውቅ ቢኖር ሐይቁ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ አባቴ ቃል ይቆጥባል።

ትናንት ልጅቱ ታንኳዋ ቆማ ስትደርቅ አየችና አለቀሰች። ትንሹ ሰውዬ የለም፤ ሳፋውን ስደፋው ከውሃው ጋር ወደ ቦዩ ሄዷል መሰለኝ። እኔ መቅዘፊያዋን ከሳፋው ሥር አግኝቻት ነበር።

"አባባ፣ የት ሄደ?" አለችኝ።

"ወረደ" አልኋት።

"መቅዘፊያውስ?"

"ይዞት ሄዷል።"

እንባዋን ጠርጋ በሩን አየች፤ ደጅ ደጁን። እኔም እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ የክብሪት እንጨት የምታክለዋን ነገር በሁለት ጣቴ ይዤ፣ አብሬያት አየሁ።